የትምህርት ቤት ኦርኬስትራ ተማሪ ሥርዓት፦ ከልምምድ ክፍሉ በር እስከ ኮንሰርቱ መድረክ

60 ተማሪ በተቀመጠበት ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ እርሳስ ፍለጋ ቦርሳውን ሲበረብር አንድ ደቂቃ ቢያልፍ፣ የባከነው የእሱ ደቂቃ ብቻ አይደለም። ሁሉም እሱን እየጠበቀ ስለሆነ የሄደው የ60 ሰው ደቂቃ ነው፤ ተደምሮ አንድ ሰዓት። ክፍለ ጊዜው 50 ደቂቃ ከሆነ ደግሞ መሣሪያ ማውጫው፣ መቃኛውና መመለሻው ተቀንሶ ለሙዚቃው የሚተርፈው ቢበዛ 35 ወይም 40 ደቂቃ ነው። በኦርኬስትራ ውስጥ ጥብቅ የሚመስሉት ደንቦች በሙሉ የሚመነጩት ከዚህ ሂሳብ ነው። ብቻችሁን ልትሠሩት የምትችሉትን ቤት ጨርሳችሁ ትመጣላችሁ፤ ክፍሉ ውስጥ የሚሠራው አብሮ ካልሆነ የማይሠራው ነገር ነው።

መመሪያው ለሁሉም መሣሪያ ተጫዋቾች የተጻፈ ቢሆንም ስለ ክር መሣሪያዎች (ቫዮሊን፣ ቪዮላ፣ ቼሎና ደብል ቤዝ) ሰፋ ተደርጎ ተነግሯል። በቁጥር የሚበዙት እነሱ ናቸው፤ በቀላሉ የሚበላሹትም እነሱ ናቸው።

ከቤት ሳትወጡ፦ መያዣው ውስጥ ምን አለ?

ሁሉም ተጫዋች ሁለት እርሳስ ከነላጲሱ ይይዛል። እርሳሱ ለስላሳ፣ 2ቢ የሚባለው ዓይነት ቢሆን ይመረጣል፤ ጽሑፉ በደብዛዛ መብራት ይታያል፣ ሲያስፈልግም ወረቀቱን ሳይቀድ ይጠፋል። እስክሪብቶ ፈጽሞ አይፈቀድም፤ ኖታው ከእናንተ በኋላ ሌላ ተማሪ ይጫወትበታል፣ የተከራየ ከሆነ ደግሞ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ኖታዎቹ በአንድ ፎልደር ውስጥ በቅደም ተከተል ይቀመጡ። መቃኛና ሜትሮኖም (ምቱን በእኩል ፍጥነት የሚመታ መሣሪያ) በስልክ አፕሊኬሽን ማግኘት ይቻላል፤ ነገር ግን በልምምድ ሰዓት ስልክ የማይፈቀድ ከሆነ ሁለቱንም የሚሠራ ትንሽ መሣሪያ መያዝ ይሻላል።

የክር ተጫዋቾች በተጨማሪ ሮዚን (ደጋኑ ክሩን እንዲይዝ ጭራው ላይ የሚቀባ ደረቅ ሙጫ)፣ ለስላሳ ደረቅ ጨርቅ፣ የድምፅ ማፈኛና ቢያንስ አንድ መጠባበቂያ ክር ይይዛሉ። ለቫዮሊን ተጫዋች መጠባበቂያው ቀጭኗ የኢ ክር ትሁን፤ ከአራቱ ቶሎ የምትበጠሰው እሷ ናት። የቼሎና የቤዝ ተጫዋች የመሣሪያው ሹል እግር ወለል ላይ እንዳይንሸራተት የሚይዝ ማቆሚያ ያስፈልገዋል፤ ያ ከሌለ ቼሎው በሙዚቃው መሃል ወደፊት እየሸሸ ይሄዳል፣ ተጫዋቹም በጉልበቱ ሊይዘው ይታገላል።

የክላርኔት፣ የኦቦና የባሱን ተጫዋቾች በአንድ ሪድ (ሲነፋ የሚንቀጠቀጥ ስስ የሸምበቆ ቁራጭ) ብቻ አይተማመኑ። ሦስት ወይም አራት ሪድ እያፈራረቁ መጫወት የእያንዳንዱን ዕድሜ ያራዝማል፣ አንዱ ሲሰነጠቅም አያስደነግጥም። የውስጥ ማድረቂያ ጨርቅና የቡሽ ቅባትም አይረሳ። የናስ መሣሪያ ተጫዋቾች የቫልቭ (በጣት የሚጫነው ድምፅ መቀየሪያ) ዘይትና ለሚሳቡት ቱቦዎች የሚሆን ቅባት ይያዙ። ዘይቱና ቅባቱ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም፤ ወፍራሙን ቅባት ቫልቭ ላይ የቀባ ሰው ቫልቩ ተጭኖ እንደቀረ ሲያይ ይገባዋል።

ልምምዱ ከመጀመሩ በፊት ያሉት ደቂቃዎች

ክፍሉ ውስጥ ከሰዓቱ 5 እስከ 10 ደቂቃ ቀድሞ መገኘት እንደ ትጋት አይቆጠርም፤ ግዴታ ነው። ኮንዳክተሩ (ቡድኑን በበትር የሚመራው) ሥራ የሚጀምርበት ሰዓት ከተባለ፣ በዚያ ሰዓት ተጫዋቹ ተቀምጦ፣ መሣሪያው ሞቆ፣ ኖታው ተከፍቶ መገኘት አለበት። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦

1. መያዣውን ወለል ላይ አስተኝታችሁ ክፈቱ። ወንበር ላይ የተከፈተ መያዣ አንድ ሰው በክርኑ ሲነካው ከነመሣሪያው ይወድቃል። መሣሪያውን ካወጣችሁ በኋላ ባዶውን መያዣ ዘግታችሁ በግድግዳው ጥግ አድርጉት፤ በወንበሮች መካከል የቀረ መያዣ ሰው ያሰናክላል።

2. ደጋኑን (ክሩ ላይ የሚሳበውን፣ ጭራ የተወጠረበትን እንጨት) አጥብቁ። በእንጨቱና በጭራው መካከል፣ መሃል ላይ፣ የአንድ እርሳስ ውፍረት ያህል ክፍተት ሲኖር ይበቃል። እንጨቱ ወደ ውስጥ የነበረውን ጉብጠት አጥቶ ቀጥ ካለ ከመጠን በላይ ጠብቋል፤ ደጋኑ ክሩ ላይ ይዘላል፣ ከቆየም እንጨቱ ይበላሻል። ጭራውን በጣት አትንኩ። የቆዳ ቅባት የነካው ጭራ ሮዚን አይዝም፣ ያ ቦታም ድምፅ አይሰጥም።

3. ሮዚን ቀቡ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ዝግ ብሎ መሳብ ለዕለቱ ይበቃል፤ አዲስ ጭራ ግን ብዙ ይፈልጋል። ስትጫወቱ ነጭ ዱቄት እንደ ጭስ የሚነሳና ድምፁ የሚሻክር ከሆነ አብዝታችኋል። ደጋኑ ክሩን ሳይዝ የሚንሸራተትና የሚያፏጭ ከሆነ አንሷል። አዲስ የተገዛ ሮዚን ፊቱ እንደ መስታወት ስለሚያበራ ጭራው አይይዘውም፤ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ፊቱን ጫር ጫር ማድረግ ያስፈልጋል።

4. የትንፋሽ ተጫዋቾች ሪዱን አርጥቡ። የክላርኔት ሪድ አፍ ውስጥ አንድ ደቂቃ ገደማ ቢቆይ ይበቃዋል። የኦቦ ሪድ በትንሽ ዕቃ ውኃ ውስጥ ሁለት ደቂቃ ያህል ይነከራል፤ ረስታችሁት ረጅም ጊዜ ከቆየ አፉ ይከፈትና ለመንፋት ያደክማል። የትራምፔት ተጫዋች እያንዳንዱ ቫልቭ ላይ ጥቂት ጠብታ ዘይት አድርጎ መሣሪያው እስኪሞቅ ያለ ድምፅ ይተንፍስበት።

5. ሰሌዳው ላይ በተጻፈው ቅደም ተከተል ኖታውን ደርድሩ።

6. በዝግታ አሟሙቁ፦ ረጃጅም ድምፆች፣ ከዚያም የዕለቱ ሙዚቃ በተጻፈበት ቁልፍ አንድ ስኬል (በቅደም ተከተል የሚወጡና የሚወርዱ ድምፆች)። ይህ ሰዓት የሚችሉትን ከባድ ሶሎ ለጎረቤት ማሰሚያ አይደለም። አንዱ ሲጮህ ሌላው ራሱን ለመስማት የበለጠ ይጮሃል፤ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ማንም የራሱን ድምፅ አይሰማም።

ኮንሰርትማስተሩ (የመጀመሪያው ቫዮሊን ቡድን መሪ) ሲነሳ ወይም ኮንዳክተሩ መቆሚያው ላይ ሲወጣ ያለ ማንም ማሳሰቢያ ጸጥታ ይሰፍናል። የጀመራችሁትን ሐረግ ልጨርስ ማለት የለም።

መቃኘት

በአብዛኛው ቅኝቱን የሚሰጠው ኦቦ ነው፤ ድምፁ ጠርቶ ይሰማል፣ እንደ ሌሎቹም ቱቦውን በማስረዘምና በማሳጠር ድምፁን ብዙ ማዛወር አይችልም፤ ስለዚህ ሌሎቹ ይከተሉታል። የሚሰጠው ድምፅ ኤ (ላ) ሲሆን ዓለም አቀፉ መለኪያ በሴኮንድ 440 ንዝረት ነው። 442 የሚጠቀሙ ኦርኬስትራዎችም አሉ፤ የቤት መቃኛችሁን የእናንተ ቡድን በሚጠቀምበት ቁጥር ላይ አድርጉት። አንዳንድ መሣሪያዎች ኖታቸው ላይ የተጻፈው ስምና የሚሰማው ድምፅ ይለያያል፤ ቢ ፍላት ክላርኔትና ትራምፔት የያዘ ተማሪ ይህን ድምፅ ለማግኘት በራሱ ኖታ ቢን ይጫወታል፤ በኤፍ የሚጻፈው ፍሬንች ሆርን ደግሞ ኢን። ይህን ያልተነገረው ጀማሪ የራሱን ኤ ነፍቶ "መሣሪያዬ ተበላሽቷል" ይላል።

ትልቁ ስሕተት ኦቦው ድምፅ እንደሰጠ ሁሉም በአንዴ መሳብና መንፋት መጀመሩ ነው። መጀመሪያ ሁለት ሴኮንድ ያህል ዝም ብላችሁ ስሙ። ድምፁን በውስጣችሁ አንጎራጉሩት። ከዚያ ለስለስ አድርጋችሁ የኤን ክር ብቻ ሳቡ። ሁለት ድምፆች ተቀራርበው ግን አንድ ሳይሆኑ ሲቀሩ "ዋ-ዋ-ዋ" የሚል ማዕበል ይሰማል። የአንዱ 440 የሌላው 442 ከሆነ ማዕበሉ በሴኮንድ ሁለት ጊዜ ይመታል፤ እየተቀራረቡ ሲሄዱ እየዘገየ ይመጣል፣ ሲገጣጠሙ ይጠፋል። ጆሮ የሚከታተለው ያንን ማዕበል ነው። የመቃኛ መርፌ ላይ ብቻ ዓይኑን ተክሎ የሚቃኝ ተማሪ ሙዚቃው መሃል ቅኝቱ ሲሸሽ አይታወቀውም።

ኤው ከተስተካከለ በኋላ ሌሎቹ ክሮች ጎን ለጎን በጥንድ እየተሳቡ ይቃኛሉ። የቫዮሊን ክሮች ከወፍራሙ ጀምሮ ጂ፣ ዲ፣ ኤ፣ ኢ ናቸው፤ የቪዮላና የቼሎ ሲ፣ ጂ፣ ዲ፣ ኤ፤ የደብል ቤዝ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ። ቫዮሊኒስቱ መጀመሪያ ኤንና ዲን፣ ቀጥሎ ዲንና ጂን፣ በመጨረሻ ኤንና ኢን አብሮ ይስባል።

ልዩነቱ ጥቂት ከሆነ ከታች፣ ክሩ በሚታሰርበት በኩል ያለችውን ትንሽ ብሎን ማዞር ይበቃል። ብሎኗ እስከ መጨረሻው ገብታ አልዞርም ካለች በጉልበት አትታገሏት፤ ሥሯ ያለው ብረት ወደ ታች ወርዶ የመሣሪያውን ፊት ይጭራል። ብሎኗን ወደ ኋላ ፍቱና ክሩን ከላይ ባለው እንጨት መቃኛ አስተካክሉ። የእንጨቱ መቃኛ ሲዞር ወደ ውስጥ ገፋ እየተደረገ ነው። ሳይገፋ የዞረ መቃኛ ወዲያው ተፈትቶ ይመለሳል። አየሩ ሲደርቅ እንጨቱ ስለሚሟሽሽ መቃኛው ይላላል፤ ሲረጥብ ደግሞ ያብጥና ይጣበቃል። ድምፁ ከፍ ብሎ ከተገኘ ከሚፈለገው ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ከታች ወደ ላይ ምጡ። ከላይ ወደ ታች የተቃኘ ክር ትንሽ ቆይቶ እንደገና ይወርዳል።

ክር የሚበጠሰው ብዙውን ጊዜ አርጅቶ ሳይሆን የተሳሳተው መቃኛ ተይዞ ነው። ዓይን ኤው ላይ፣ እጅ የኢው መቃኛ ላይ ይሆናል፤ ድምፁ ለምን አይለወጥም ሲባል ኢው ይበጠሳል። ማዞር ከመጀመራችሁ በፊት ክሩን በጣት ነካ እያደረጋችሁ የያዛችሁት መቃኛ የእሱ መሆኑን አረጋግጡ።

ሌላው ብሪጁ (ክሮቹን ደግፎ የቆመው ስስ እንጨት) ነው። ክሮቹ ወደ ላይ በተቃኙ ቁጥር የብሪጁን አናት ወደ ጣት ሰሌዳው ይጎትቱታል። በሳምንት አንድ ጊዜ መሣሪያውን በጎን ተመልከቱ፦ ወደ ክር ማሰሪያው የዞረው የብሪጁ ፊት ከመሣሪያው ገጽ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን መሥራት አለበት። ወደፊት ያዘመመ ብሪጅ አንድ ቀን በድንገት ይወድቃል፣ ሲወድቅም የመሣሪያውን ፊት ሊሰነጥቅ ይችላል። ማዘንበሉን ካያችሁ ለመምህሩ አሳዩ። አራቱንም ክር በአንድ ጊዜ ማላላት ደግሞ ክልክል ነው፤ በመሣሪያው ሆድ ውስጥ የቆመችው ሳውንድ ፖስት የምትባለው ትንሽ እንጨት አልተጣበቀችም፣ ይዟት ያለው የክሮቹ ጫና ብቻ ነው።

የትንፋሽ መሣሪያ አቃኘት ቀለል ይላል፦ ቱቦው ሲረዝም ድምፁ ይወርዳል፣ ሲያጥር ይወጣል። ፍሉት በራስጌው መጋጠሚያ፣ ክላርኔት ከማውዝፒሱ (በአፍ ከሚያዘው ጫፍ) ቀጥሎ ባለው አጭር ቁራጭ፣ ትራምፔት በዋናው ተሳቢ ቱቦ ይስተካከላል። ልብ መባል ያለበት ሙቀቱ ነው። የትንፋሽ መሣሪያ እየሞቀ ሲሄድ ድምፁ ወደ ላይ ይወጣል፤ ክር ደግሞ በሙቀት እየላላ ይወርዳል። መጀመሪያ ላይ አንድ የነበሩት ሁለቱ ወገኖች ከሩብ ሰዓት በኋላ ይራራቃሉ፤ እንደገና ካልተቃኙ ሁሉም "እኔ ልክ ነኝ" እያለ ሙዚቃው ይጎመዝዛል። ዳግም ሳይቃኝ የሚካሄድ የአንድ ሰዓት ልምምድ ግማሹ ከንቱ ነው ብንል ብዙ አላጋነንም።

ወንበር፣ ስታንድና የስታንድ ጓደኛ

የወንበሩ የፊት ግማሽ ላይ ተቀመጡ፣ ሁለቱም እግር መሬት ይርገጥ። ስታንዱ (የኖታው ማስቀመጫ) አንገት ሳይነሳ ዓይን ብቻ ከፍ ሲል ኮንዳክተሩን የሚያሳይ ከፍታ ላይ ይሁን።

በክር ክፍሎች ሁለት ሰው አንድ ስታንድ ይጋራል። ወደ ተመልካቹ የቀረበው የውጭ ተጫዋች፣ ሌላው የውስጥ ተጫዋች ይባላል። ገጽ የሚገልጠው የውስጡ ነው፤ ከመገለጡ ሁለት ባር (ኖታው ላይ በቋሚ መስመር የተከለለ የምት ክፍል) አስቀድሞ መጫወት ያቆማል፣ ይገልጣል፣ ይመለሳል፤ የውጩ ሳያቋርጥ ይቀጥላል። የገጹ ታችኛ ጥግ ትንሽ ቢታጠፍ ለመያዝ ይቀላል። ኖታው ለሁለት ሲከፈል የውጩ የላይኛውን መስመር፣ የውስጡ የታችኛውን ይጫወታል። ምልክት መጻፍም በተለምዶ የውስጡ ሥራ ነው።

ከኋላ መቀመጥን እንደ ቅጣት የሚያይ ተማሪ ብዙ ነው፤ ቦታው ግን ከፊት ይልቅ የሚከብድ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከፊተኞቹ 10 ሜትር ርቆ የተቀመጠ ተጫዋች የእነሱን ድምፅ የሚሰማው 0.03 ሴኮንድ ያህል ዘግይቶ ነው። እሱን ሰምቶ ከተጫወተ የእሱ ድምፅ ወደ ፊት ለመድረስ ሌላ 0.03 ሴኮንድ ይወስዳል፤ መዘግየቱ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። "ከኋላ ያላችሁ ዘገያችሁ" የሚባለው ብዙ ጊዜ በስንፍና ሳይሆን በዚህ ምክንያት ነው። ከኋላ ያለ ሰው፣ ከበሮና ናስ ተጫዋቾች ጭምር፣ በጆሮው ሳይሆን በዓይኑ፣ በኮንዳክተሩ በትር ይጀምራል።

ልምምዱ ላይ

በትሩ ሲቆም ሙዚቃው እዚያው ይቆማል። የደረሳችሁበትን ሐረግ አትጨርሱ፣ ክር አትነካኩ፤ ኮንዳክተሩ ከቆመበት ቅጽበት ጀምሮ የሚናገረው ስለዚያች ቦታ ነው፣ ሳይሰማ ከቀረ ይደገማል።

"ከሲ ፊደል በፊት 4 ባር" ሲባል ግማሹ ቡድን አንድ ቦታ፣ ግማሹ ሌላ ቦታ ይጀምራል። ፊደሉ ቦታ ለመጠቆም ኖታው ላይ የተጻፈ ምልክት ነው፤ አቆጣጠሩም ይህ ነው። ሲ ፊደል የተጻፈው 45ኛው ባር ላይ ነው እንበል። ወደ ኋላ ሲቆጠር ፊደሉ ያለበት ባር አይቆጠርም፤ 44 አንድ፣ 43 ሁለት፣ 42 ሦስት፣ 41 አራት፣ መነሻው 41 ነው። "ከሲ አምስተኛው ባር" ከተባለ ግን ፊደሉ ያለበት ባር አንድ ተብሎ ይቆጠራል፣ መነሻው 49 ይሆናል። የባር ቁጥር ያልታተመበት ኖታ ከደረሳችሁ የመጀመሪያ የቤት ሥራችሁ በየመስመሩ መጀመሪያ ቁጥሩን መጻፍ ነው።

እርሳሱ ስታንዱ ላይ ይቀመጥ፤ ቦርሳ ውስጥ ያለ እርሳስ እንደሌለ ይቆጠራል። አንድ ቦታ ላይ አንዴ መሳሳት ያለ ነው። እዚያው ሁለተኛ ከተሳሳታችሁ ጻፉ። የሚጻፉት፦ የደጋን አቅጣጫ (ወደ ታች የሚሳበው ሥሩ ክፍት በሆነ ትንሽ ሳጥን፣ ወደ ላይ የሚገፋው በታች ሹል በሆነ ማዕዘን)፣ እጅ ቦታ የሚቀይርበት ጣት፣ የሚረሳ ሻርፕ ወይም ፍላት (ድምፁን በግማሽ ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርግ ምልክት)፣ የትንፋሽ መውሰጃ ሠረዝ፣ ኮንዳክተሩን ማየት ግዴታ በሆነበት ቦታ የመነጽር ሥዕል። በየኖታው ላይ ስሙን ወይም የጣት ቁጥሩን መጻፍ ግን ጉዳት ነው፤ ዓይን ቁጥሩን ማንበብ ይለምድና ኖታውን ሳያውቀው ይቀራል። የደጋን አቅጣጫን የሚወስነው የቡድኑ መሪ ነው። ከእሱ ስታንድ ወደ ኋላ በሹክሹክታ ይተላለፋል፤ የመጨረሻው ስታንድ ሳይደርሰው ሙዚቃው ከተጀመረ ጥፋቱ መሃል ላይ ያስቀረው ሰው ነው።

ረጅም እረፍት ሲኖር ቁጠሩ። የባሩ ቁጥር በመጀመሪያው ምት ላይ ይገባል፦ አንድ-ሁለት-ሦስት-አራት፣ ሁለት-ሁለት-ሦስት-አራት፣ ሦስት-ሁለት-ሦስት-አራት። ከእናንተ በፊት ማን እንደሚገባ ኖታው ጥግ ላይ መጻፍ ("ኦቦ እዚህ") መጠባበቂያ ይሆናል። ከመግቢያው ሁለት ባር በፊት መሣሪያው ቦታው ላይ ይሁን። ከጠፋችሁ ቦታውን በመጫወት አትፈልጉት። የኮንዳክተሩ የመጀመሪያ ምት ሁልጊዜ ወደ ታች ነው፤ በአራት ምት ወደ ታች፣ ወደ ግራው፣ ወደ ቀኙ፣ ወደ ላይ ይሄዳል፤ በሦስት ምት ወደ ታች፣ ወደ ቀኙ፣ ወደ ላይ። እጁ በወረደ ቁጥር አዲስ ባር መጀመሩን አውቃችሁ ከሚቀጥለው ፊደል ጋር ግቡ።

ኮንዳክተሩ ከሌላ ክፍል ጋር ሲሠራ ወሬ መጀመሪያ ሰዓት አይደለም። ጣቶቻችሁን ያለ ድምፅ እያስኬዱ ዜማው ማን ጋር እንዳለ ስሙ። ጥያቄ ካለ መጀመሪያ ለቡድን መሪው ነው። የተሳሳተን ሰው ዞሮ ማየት ደግሞ ነውር ነው፤ ተሳሳቹ አውቆታል።

የቤት ልምምድ

በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት፣ እሑድ ማታ በአንዴ ከሚደረግ ሦስት ሰዓት ይበልጣል። ግማሽ ሰዓቱን ለምሳሌ እንዲህ መክፈል ይቻላል፦ 5 ደቂቃ ረጃጅም ድምፆች፣ 5 ደቂቃ ስኬል፣ 15 ደቂቃ የከበዱ ባሮች፣ 5 ደቂቃ ሳያቋርጡ መጫወት። ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ገጽ የሚጀምር ተማሪ የመጀመሪያውን ገጽ አሳምሮ ያውቃል፤ ሦስተኛው ላይ ይሰምጣል።

የከበደ ቦታ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። ሁለት ባር ብቻ ለዩ። ሜትሮኖሙን 60 ላይ አድርጉ፤ እዚያም ከከበደ ዝቅ አድርጉት። በተከታታይ አምስት ጊዜ ያለ ስሕተት ስትጫወቱት በ4 ጨምሩ። አራተኛው ላይ ከተሳሳታችሁ ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል። ሲበላሽ በ8 ወደ ኋላ ተመለሱ። ፍጥነቱ ላይ ስትደርሱ ከፊቱና ከኋላው አንድ አንድ ባር ጨምራችሁ አያይዙት፤ ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው ራሱ ከባዱ ባር ሳይሆን ወደ እሱ መግቢያው ነው። በፍጥነት እየተሳሳቱ መደጋገም ጣቶችን ስሕተቱን ያስተምራቸዋል፤ ያንን ማስረሳት ደግሞ እንደ አዲስ ከመማር የበለጠ ጊዜ ይወስዳል።

ኮንሰርቱ ቀርቦ አሁንም የማይወጣ ቦታ ካለ ኖታ ጣሉ እንጂ ምት አትጣሉ። ከስምንቱ ፈጣን ኖታዎች በየምቱ መጀመሪያ ያሉትን ብቻ በሰዓቱ የተጫወተ ቡድኑን አይጎዳም። ስምንቱንም ለመጨረስ ብሎ የዘገየ ግን ጎረቤቶቹን ይዞ ይወድቃል።

እጅ ወይም ትከሻ ላይ የሚወጋ ሕመም ወይም መደንዘዝ ከተሰማችሁ የዚያን ዕለት አቁሙ፤ ደጋግሞ ከመጣ ለመምህሩና ለሐኪም ይነገር። በየ25 ደቂቃው የ5 ደቂቃ እረፍት ልማድ ይሁን።

መቅረት፣ ፈተናና ኮንሰርት

አስቀድሞ የሚታወቅ መቅረት ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት በጽሑፍ ይነገር፣ ሕመም በዚያው ዕለት ጠዋት። እናንተ ብትቀሩም ፎልደሩ እንዳይቀር፤ ኖታው እናንተ ጋር ከሆነ የስታንድ ጓደኛችሁ ባዶ ስታንድ ፊት ይቀመጣል።

የመቀመጫ ቦታ የሚወሰንበት ፈተና ብዙውን ጊዜ ስኬል፣ ከሙዚቃው የተቆረጠ ክፍልና ያልታየ ኖታ ማንበብ ነው። ያልታየው ላይ ለመመልከት የሚሰጠው ግማሽ ደቂቃ ያህል ከሆነ በዚህ ተጠቀሙበት፦ የቁልፉ ምልክት፣ የምቱ ቁጥር፣ ከዚያ በጣም ፈጣን ኖታ ያለበት ባር። ፍጥነቱን የሚወስነው ያ ባር ነው እንጂ ቀላሉ መጀመሪያ አይደለም። ከጀመራችሁ በኋላ ለማረም አትቁሙ።

ለኮንሰርት አዲስ ክር የሚያስፈልግ ከሆነ ቢያንስ ከሳምንት በፊት ይቀየር፤ አዲስ ክር ለቀናት እየተለጠጠ ቅኝቱን ያስታል። ጥቁር ልብስ ከታዘዘ ካልሲውም ጥቁርና ረጅም ይሁን፤ ስትቀመጡ ሱሪው ከፍ ይላልና። የሚንኳኳ አምባርና ሽቶ ይቅር፤ ተጠጋግተው ለሚተነፍሱ ሰዎች ሽቶ ያፍናል። ስልክ ይጥፋ፤ ንዝረት ላይ የተተወ በእንጨት መድረክ ላይ ይሰማል። መድረክ ላይ ኮንዳክተሩ ሲያስነሳችሁ ሁላችሁም በአንዴ ወደ ተመልካቹ ዞራችሁ ቁሙ። ሙዚቃው ሲያልቅ የደጋኖቹና የመሣሪያዎቹ አቋም በትሩ እስኪወርድ እንዳለ ይቆይ፤ ያቺ ጸጥታም የሙዚቃው አካል ናት።

መሣሪያውን መመለስ

ደጋኑን ጭራው እስኪላላ ፍቱት፤ ብሎኑ እስኪወጣ ግን አይደለም። ጠብቆ የሚያድር ደጋን ቀስ በቀስ ጉብጠቱን ያጣል። ክሮቹን፣ ከክሮቹ ሥር ያለውን ገጽና የደጋኑን እንጨት በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፤ የተረሳ የሮዚን ዱቄት ተጋግሮ ቫርኒሹን ይይዛል። የትከሻ መደገፊያውን ሳትነቅሉ መያዣውን አትዝጉ፤ ክዳኑ ብሪጁን ይጫነዋል። ቼሎ ለአፍታ ሲቀመጥ በጎኑ ይተኛል፤ ወንበር ላይ ተደግፎ አይቆምም።

የክላርኔትና የኦቦ ውስጥ ወዲያው ይደርቅ፤ እርጥበቱ የቀረበት እንጨት ይሰነጠቃል። የናስ ተጫዋቾች ውኃውን ወለል ላይ ሳይሆን ጨርቅ ላይ ያፍስሱ። ማንኛውም መሣሪያ መኪና ውስጥ አይተው፤ ሙቀት የእንጨቱን ማጣበቂያ ያላቅቃል። ለእንጨት መሣሪያ የሚስማማው የአየር እርጥበት ከ40 እስከ 60 በመቶ ያህል ነው።

አዘውትሮ የሚጫወት ተማሪ ክሮቹን በ6 ወር ወይም በዓመት፣ የደጋኑን ጭራ በዓመት አንዴ ይቀይራል። ተማሪ በራሱ የማይነካቸው ነገሮችም አሉ፦ ስንጥቅ በሙጫ ማጣበቅ፣ የወደቀ ሳውንድ ፖስት ማቆም (ሲወድቅ ክሮቹን አላልቶ ወደ ጠጋኝ መውሰድ ነው)፣ የተጣበቀ ማውዝፒስ በፒንሳ መንቀል። ፒንሳ ቱቦውን ይጠመዝዘዋል። ለዚሁ ሥራ የተሠራ መንቀያ አለ፤ ክፍሉ ውስጥ ከሌለ ማውዝፒሱ እንደተጣበቀ መሣሪያውን ወደ ጠጋኝ ውሰዱት።